አማተር ሬዲዮ ለመጀመር፦ ከማዳመጥ እስከ መጀመሪያው ጥሪ

አማተር ሬዲዮ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ሬዲዮ ይገዛል። እኔ ግን ሬዲዮው ሦስተኛ ቢመጣ እመርጣለሁ። መጀመሪያ አዳምጡ፣ ቀጥሎ የፈቃድ ፈተና ተፈተኑ፣ ከዚያ ግዙ። ያዳመጠ ሰው ፈተናው ይገባዋል፤ ሲገዛም የሚያስፈልገውን ያውቃል።

ሃም ሬዲዮ የሚባለውም ይኸው ነው። በራሳችሁ መሣሪያና በራሳችሁ አንቴና ከሌላ ሰው ጋር በቀጥታ መነጋገር ማለት ነው። መሀል ላይ የስልክ ኩባንያም ኢንተርኔትም የለም። ወላጆቻችን ማታ ማታ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ያዳመጡበት አጭር ሞገድ ከዚሁ ጋር ጎረቤት ነው። እዚህ ግን ሰምቶ መመለስም ይቻላል። ንግድ፣ ሙዚቃ ማሰራጨትና በምስጢር ኮድ ማውራት ግን ክልክል ነው።

መመሪያው በዋናነት አሜሪካ ላላችሁ ነው። እዚያ ፈቃዱ ቀላል ነው፣ የእኛም ሰው ብዙ ነው። ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና ዓረብ አገር ላላችሁም የሚሆን ነገር እየጨመርኩ እሄዳለሁ።

አንድ፦ አዳምጡ

ለዚህ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ሆላንድ የሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚሠራ ሬዲዮ አለው፤ ዌብ ኤስዲአር ይባላል። ሬዲዮውና አንቴናው እዚያ ናቸው፣ እናንተ ከቤታችሁ በብራውዘር ትቃኛላችሁ። እስከ 29 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለውን ሁሉ ያሰማል።

ቀን ላይ ከ14.150 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ ሂዱ። የማዳመጫውን ሞድ ዩኤስቢ ላይ አድርጉት። (ይህ የኮምፒውተር ገመድ አይደለም፣ የድምፅ ማስተላለፊያ ዓይነት ነው።) መጀመሪያ የምትሰሙት የታፈነ፣ የማይገባ ድምፅ ይሆናል። ቁጥሩን በጣም በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ድንገት ጥርት ይላል፣ የሰው ድምፅ ይሆናል። እጃችሁ ይህን ሲለምድ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ከዚያ 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ ቁሙ። ሞዱን ሲ ደብሊው ላይ አድርጉ፤ የሞርስ ማለትም በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚጻፍ ፊደል ማዳመጫ ነው። እዚህ ቦታ ላይ በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 ጣቢያዎች ተራ በተራ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ያሰማሉ። በ3 ደቂቃ አንድ ዙር ያልቃል። ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካና እስራኤል ውስጥም አሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ ስሙን በሞርስ ይናገርና አራት ረጃጅም ድምፆች ያሰማል። የመጀመሪያው በ100 ዋት፣ ሁለተኛው በ10፣ ሦስተኛው በ1፣ የመጨረሻው በ0.1 ዋት ነው። ሁለቱን ብቻ ከሰማችሁ ያ መንገድ ዛሬ በመጠኑ ክፍት ነው ማለት ነው። አራቱንም የሰማችሁ ቀን አንድ አሥረኛ ዋት ባሕርና በረሃ አቋርጦ መጣ ማለት ነው። ሬዲዮ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ መምህር አላውቅም።

ጣሪያችሁ ላይ የቴሌቪዥን ዲሽ ካለ ደግሞ ሌላ በር አለ። የኳታሩ ሳተላይት ኢስሃይል 2 እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ሲመጠቅ የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ ይዞ ነው የወጣው። ኪው ኦ 100 ይባላል። በ25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ቆሞ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያለውን ያዳርሳል፤ ኢትዮጵያ፣ ገልፍ፣ አውሮፓና እስራኤል ሁሉም ከሥሩ ናቸው። አሜሪካ ግን አይታየውም። ተራ ዲሽና ተራ ኤል ኤን ቢ ለማዳመጥ ይበቃሉ። ዲሹን ወደዚያ አዙሩ፣ ኤል ኤን ቢውን ከ12 እስከ 14 ቮልት ስጡት፣ ገመዱን ኮምፒውተር ላይ ከሚሰካ ትንሽ የኤስዲአር መቀበያ ጋር አገናኙ። ከዚያ 739.5 እና 740 ሜጋኸርዝ መሀል ፈልጉ። አንድ ጥንቃቄ አለ። ያ ቮልት ወደ መቀበያው እንዳይገባ መሀል ላይ ኃይል ማስገቢያ መግባት አለበት፣ አለበለዚያ መቀበያው ይቃጠላል። የአገሩን ሕግም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለማዳመጥ እንኳ ፈቃድ የሚጠየቅበት አገር አለ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ አዳምጡ። ሰዎች እንዴት እንደሚጠራሩ፣ እንዴት ተራ እንደሚሰጣጡ ሳታውቁት ትማራላችሁ።

ሁለት፦ ፈቃዱን አውጡ

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሻን ይባላል። ዜግነት አይጠይቅም። የውጭ መንግሥት ተወካይ ካልሆናችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ሞርስ ማወቅ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቀርቷል። የዕድሜ ገደብም የለም፤ ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ መፈተን ትችላላችሁ፤ እንደውም እንደዚያ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ምርጫ። 26 ያገኘ ያልፋል። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ከ400 በላይ ከሆኑ፣ መልሳቸው ጭምር ለሕዝብ ከተለጠፈ ክምችት ነው። አዲስ ጥያቄ አይመጣባችሁም። ክምችቱ በየ4 ዓመቱ ይቀየራልና አሮጌ መጽሐፍ ከሰው ተውሳችሁ እንዳትለፉ፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት እዩ። ሃምስተዲ የሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ያለማምዳል። በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚያጠና ሰው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይበቃል ባይ ነኝ።

መሸምደድ ያሳልፋል፤ ግን ሬዲዮው እጃችሁ ሲገባ ግራ ትጋባላችሁ። ሦስት ነገር ብቻ ከልብ ይግባችሁ። አንደኛው የሞገድ ርዝመት ነው፦ 300ን በሜጋኸርዙ አካፍሉ፣ በሜትር ይመጣል። 146 ሜጋኸርዝ 2 ሜትር አካባቢ ነው፣ 28.4 ደግሞ 10.5 ሜትር አካባቢ። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሒሳብ ነው፦ ቮልት ሲባዛ በአምፒር ዋት ይሰጣል፣ 12 ቮልት በ2 አምፒር 24 ዋት። ሦስተኛው ሪፒተር ነው፣ እሱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በኤፍ ሲ ሲ (ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ኮርስ በሚባለው ክፍል ተመዝግባችሁ ኤፍ አር ኤን የሚባል ባለ 10 አኃዝ ቁጥር አውጡ። ቁጥሩ ካላችሁ ፈታኞቹ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጠይቁም። ቀጥሎ አቅራቢያችሁ የሚሰጥ ፈተና ፈልጉ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወይም ክለቦች አዳራሽ ውስጥ ይሰጣል፣ ከቤት ሆኖ በቪዲዮ መፈተንም ይቻላል። ፈታኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክፍያው ብዙ ቦታ 15 ዶላር አካባቢ ነው፣ ነፃ የሚፈትኑም አሉ። መታወቂያ፣ ኤፍ አር ኤኑንና ካልኩሌተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልኩሌተሩ ምንም ነገር ያልተመዘገበበት ይሁን።

ካለፋችሁ በኋላ ከኤፍ ሲ ሲ ኢሜይል ይመጣል። በ10 ቀን ውስጥ 35 ዶላር ክፈሉ። ኢሜይሉ ከማስታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ ሊጠፋ ስለሚችል ስፓሙንም እዩ። ከዚያ ስማችሁና የጥሪ ምልክታችሁ (ሬዲዮ ላይ የምትታወቁበት የፊደልና የቁጥር መለያ) በኤፍ ሲ ሲ መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማውራት ትችላላችሁ። ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል።

ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገባበት አንድ ነገር አለ። የምትሞሉት የፖስታ አድራሻ ለማንም ሰው በኢንተርኔት ይታያል። የቤታችሁ አድራሻ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት የፖስታ ሣጥን ተከራዩ።

ሌላ አገር ያላችሁ የየአገሩን ባለሥልጣን ጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ ፋውንዴሽን፣ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ክፍል ኤን የሚባል የጀማሪ ፈቃድ አለ።

ሦስት፦ የመጀመሪያው ሬዲዮ

የእጅ ሬዲዮ ይበቃል። ባኦፌንግ ዩቪ 5አር 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ ጥራቱ ከዋጋው ጋር የሚመጣጠን ቢሆንም ያስጀምራል። ያኤሱና እሱን የመሰሉት የጃፓን ሬዲዮዎች ከ100 ዶላር በላይ ያወጣሉ፤ መቀበያቸው ከተማ ውስጥ በሌላ ሞገድ ቶሎ አይረበሽም። አቅም ካለ እነሱን እመርጣለሁ። ከጅምሩ ብዙ መቶ ዶላር አውጥታችሁ ትልቅ የጠረጴዛ ሬዲዮ ግን አትግዙ፤ የትኛው የሬዲዮ ዓይነት እንደሚስባችሁ ገና አታውቁም።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንቴና ሳይሰካ የመናገሪያውን ቁልፍ አትጫኑ፣ የሬዲዮው ማስተላለፊያ ይጎዳል። እንደገና፣ እነዚህ ርካሽ ሬዲዮዎች የፖሊስና የድርጅቶች ፍሪኩዌንሲ ላይ ጭምር ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ሬዲዮው ስለቻለ ሕጉ ፈቀደ ማለት አይደለም።

አሁን ሪፒተር። ከፍ ካለ ሕንፃ ወይም ተራራ ላይ የተተከለ መሣሪያ ነው። ደካማውን የእጅ ሬዲዮ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሰማና በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ ይደግመዋል። በ5 ዋት ሰፈር ውስጥ የምትቀሩትን ከተማ ያሻግራችኋል። ሬዲዮው ላይ ሦስት ነገር ታስገባላችሁ። አንደኛ የምትሰሙበትን ፍሪኩዌንሲ፣ እንበል 146.910። ሁለተኛ ልዩነቱን፤ በ2 ሜትር ባንድ ላይ 600 ኪሎኸርዝ ነውና ስትናገሩ ሬዲዮው በራሱ ወደ 146.310 ይወርዳል። ሦስተኛ ቶን የሚባለውን ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ፣ ለምሳሌ 100.0 ኸርዝ። ጀማሪ "እሰማለሁ እንጂ አይሰሙኝም" ካለ ከአሥር ዘጠኙ ያ ቶን አልገባም። የየሰፈሩን ሪፒተር ሪፒተርቡክ የሚባለው ማውጫ ላይ ታገኛላችሁ። ያለ ሪፒተር በቀጥታ ለመጠራራት ደግሞ 146.520 አለ።

አራት፦ አንቴናውን ራሳችሁ ሥሩ

ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ደካማ ነው፤ በተለይ ኮንክሪት አፓርታማ ውስጥ ሪፒተሩ ላይደርስ ይችላል። ሌላ ሬዲዮ ከመግዛት ይህን አንቴና መሥራት ይበልጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ባለ አራት ቀዳዳ የኤስ ኦ 239 ሶኬት፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ፣ አራት ትናንሽ ብሎኖች ከነዳዶአቸውና አንቴናውን ከሬዲዮው የሚያገናኝ ገመድ ነው። ከሽቦው አንድ 52 ሴንቲ ሜትርና አራት 51 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ረጅሙን የሶኬቱ መሀል ላይ ካለው ጉጥ ጋር ሶልደር አድርጉትና ቀጥ ብሎ ይቁም። የአራቱን ጫፍ ቆልምሙና በአራቱ ቀዳዳዎች በብሎን እሰሩ፤ ከዚያ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ታች እጠፏቸው። የሁሉንም ሽቦዎች ነፃ ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ቆልምሙት። ሰው ሲያጎነብስ ዓይኑ የሚደርሰው እዚያ ነው፣ ልጆች ካሉ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ ማስተካከል። የቆመው ሽቦ መጨረሻ ላይ 49 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ ሆን ብለን ነው ያስረዘምነው። በኤስ ደብሊው አር መለኪያ ወይም ናኖቪኤንኤ በሚባለው ትንሽ መሣሪያ ለኩ፤ ኤስ ደብሊው አር ጉልበቱ ወደ አንቴናው መግባቱን ወይም ተመልሶ መምጣቱን የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ዝቅ ሲል ይሻላል። ክለብ ውስጥ የሚያውስ አይጠፋም። ቁጥሩ 146 ላይ ከፍ ብሎ 140 ላይ ዝቅ ካለ አንቴናው ረዝሟል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቁረጡና እንደገና ለኩ። አንዴ ብዙ አትቁረጡ፣ የተቆረጠ ሽቦ አይቀጠልም። ከ1.5 በታች ከሆነ ጨርሳችኋል፤ እስከ 2 ድረስም ይሠራል።

በረንዳ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ስቀሉት። የገመዱ ርዝመት ባጠረ ቁጥር ይሻላል፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ቀጭን ገመድ ጉልበት ይበላል። ከኤሌክትሪክ መስመር ግን አርቁት፤ ቢወድቅ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ምረጡ። አንቴና ሲሰቅሉ የኤሌክትሪክ መስመር ነክተው የሞቱ ሰዎች አሉ። መብረቅ ሲኖር ገመዱን ከሬዲዮው ንቀሉ።

አምስት፦ ተናገሩ

ፈቃድ አውጥቶ ሬዲዮ ገዝቶ ሳይናገር የሚቀር ሐበሻ ብዙ ነው። "እንግሊዝኛዬ ያሳቅቀኛል" ይላሉ። እዚህ ዓለም ውስጥ የሁሉም ሰው ድምፅ ነፋስና ዝናብ በሚመስል ጫጫታ ውስጥ ነው የሚመጣው። ጃፓኑም፣ ጣሊያኑም፣ ቴክሳሱም ቃሉን በፊደል እየቆጠረ ነው የሚያስረዳው። ስማችሁ አበበ ከሆነ "አልፋ፣ ብራቮ፣ ኤኮ፣ ብራቮ፣ ኤኮ" ትላላችሁ፣ አለቀ። የስማችሁንና የጥሪ ምልክታችሁን ፊደላት ብቻ አስቀድማችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ።

ሪፒተሩ ላይ ሰው እያወራ እንዳልሆነ አረጋግጡ። ቁልፉን ተጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ቆዩ፤ ሪፒተሩ እስኪነቃ ድረስ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። ከዚያ የጥሪ ምልክታችሁንና "ሞኒተሪንግ" ብላችሁ ቁልፉን ልቀቁ። በቃ። መልስ ካልመጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድገሙ። ማይኩን ከአፋችሁ አራት ጣት ያህል አርቁት፣ በተለመደው ድምፃችሁ ተናገሩ፣ አትጩኹ። ሌላው ሲጨርስ ወዲያው አትግቡ፤ ሦስተኛ ሰው መግባት ከፈለገ ክፍተት ተዉለት።

በየ10 ደቂቃውና መጨረሻ ላይ የጥሪ ምልክታችሁን መናገር ግዴታ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር በአማርኛ ማውራት ትችላላችሁ፣ የአሜሪካ ሕግ አይከለክልም። የጥሪ ምልክቱ ብቻ በእንግሊዝኛ ይነገራል። ማንም ሰው ግን እንደሚሰማችሁ አትርሱ፤ የቤተሰብ ምስጢር የሚወራበት ቦታ አይደለም።

ለጀማሪ ምርጡ መግቢያ ኔት ነው። ብዙ ክለቦች በሳምንት አንድ ቀን በተወሰነ ሰዓት ሪፒተር ላይ ይሰበሰባሉ፤ አንድ ሰው ይመራል፣ ተራ በተራ ይጠራል። ተራችሁ ሲደርስ የጥሪ ምልክታችሁን፣ ስማችሁን፣ ሰፈራችሁን ተናገሩና አዲስ መሆናችሁን ጨምሩ። ስትሰናበቱ "ሰቨንቲ ስሪ" በሉ፣ መልካም ምኞት ነው።

ስድስት፦ ከከተማ ውጭ፣ እስከ አገር ቤት

በቴክኒሻን ፈቃድ ከ28.300 እስከ 28.500 ሜጋኸርዝ በድምፅ መናገር ይፈቀዳል። የፀሐይ እንቅስቃሴ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ዑደት 11 ዓመት አካባቢ ነው፤ ዑደቱ ጫፍ ላይ ሲሆን ይህ ባንድ ቀን ቀን ዓለምን ያዳርሳል፣ ሲወርድ ዝም ይላል። አንቴናው ሁለት ሽቦ ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሜትር ተኩል። 14 ሜጋኸርዝ ላይ ለመናገር ግን ጀነራል የሚባለውን ቀጣይ ፈተና ማለፍ አለባችሁ፤ እሱም 35 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 26። ቴክኒሻኑን ባለፋችሁበት ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንድትሞክሩት ይፈቅዱላችኋልና ሞክሩት።

መናገር ለሚያስቸግረው ወይም አንቴናው ትንሽ ለሆነ ሰው ኤፍ ቲ 8 አለ። ኮምፒውተሩ ከሬዲዮው ጋር ተገናኝቶ በየ15 ሰከንዱ አጭር መልእክት ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው፤ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ጆ ቴይለር በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ናቸው። ጀነራሉን ካለፋችሁ በኋላ 14.074 ላይ ብትቀመጡ በጥቂት ዋት ብዙ አገር ታያላችሁ።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ። የክለቡ ጣቢያ 5 ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ ነው። የኤሌክትሪካል ተማሪ ከሆናችሁ በመጽሐፍ የተማራችሁትን አንቴና እዚያ በእጃችሁ ትነካላችሁ፤ ሂዱና ጠይቁ። ሬዲዮ ለማስገባትም ሆነ ለማስተላለፍ መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከአሜሪካ ለእረፍት የምትመጡም የአሜሪካው ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ በራሱ አያሠራምና ሻንጣ ውስጥ ሬዲዮ ከመክተታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ኢትዮጵያ ለአማተሮች ብርቅ ናት። በኢቲ የሚጀምር ጣቢያ ብቅ ሲል ብዙ አገር በአንድ ጊዜ ይጮኽበታል። ከዋሽንግተን አካባቢ ሆናችሁ ከሰማችሁት ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ ነው የመጣው። ልብ ይመታል፣ ግን ቶሎ አትጥሩ። "አፕ" ሲል ከሰማችሁ እሱ የሚያዳምጠው ከሚናገርበት ከፍ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ላይ ነው። ሬዲዮአችሁን ስፕሊት ላይ አድርጉ፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ እየሰማችሁ በሌላ ትናገራላችሁ ማለት ነው። የመለሰለትን ሰው ድምፅ ፈልጉና የት እንደሚያዳምጥ እወቁ። እዚያ አካባቢ ምልክታችሁን አንዴ በሉ። ሲጠራችሁ ምልክታችሁንና "ፋይቭ ናይን" (ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል ማለት ነው) ብላችሁ ቦታውን ልቀቁ፤ ወረፋው ረጅም ነው። ሰላምታ በአማርኛ ብትጨምሩ የሚከፋው አይመስለኝም።

የሰማችሁትንና ያነጋገራችሁትን ሁሉ መዝግቡ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ፍሪኩዌንሲ፣ የጥሪ ምልክት፣ ድምፁ እንዴት እንደነበር። ሰዓቱ ሁልጊዜ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም የጋራ ሰዓት ይጻፋል። አገር ቤት ላላችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ደምሩ። ከቀኑ 6 ሰዓት 09:00 ዩቲሲ ነው። በማታው ሰዓት ላይ 15 ደምሩ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት 16:00 ይሆናል። 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱና ቀኑን እዩ፤ የዩቲሲ ቀን የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።